ለኮንክሪቷ ያስተከልኩት ድንኳን

ተሳቢ መኪና ደጄ ላይ ሲያልፍ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ዝም ብሎ ካለፈ ደህና ነው። «ድው» ካለ ግን አንዱ መጥቶ መንገዴን ነካክቶብኛል ማለት ነው። ያን ቀን ማንም ደህና ዋልሽ እንዳይለኝ፤ ደህና አልውልም።

ቤቴ ከመቱ ወደ ጎሬ በሚያወጣው መንገድ፣ ዳገቷ ላይ ነው። መንገዱ ከላይ፣ እኔ ከታች። የጭቃ ቤት ነው። ከወሎ በሰፈራ መጥተን፣ ዝናቡም ወባውም ከለመደን በኋላ ባሌ ነፍሱን ይማረውና በገዛ እጁ አቆመው። እሱ ሄደ፣ ቤቱ ቀረልኝ። ከዚህ ቤት ሌላ የምገባበት የለኝም። ልጆቼ «ከኛ ጋር ኑሪ» ይሉኛል፤ የልጅ ቤት ደግሞ ለሦስት ቀን ነው የሚጥመው፣ ከዚያ ወዲያ ወጡ እንኳ ጨው ያንሰዋል። ስለዚህ መንገዱ ትከሻዬ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እሱን ካመመው እኔንም ያመኛል።

ሰው «መንገዱ አርጅቶ ተሰበረ» ሲል ደሜ ይፈላል። እኔስ አላረጀሁም? ታዲያ ተሰበርኩ? ጥርሴ ነው የሄደው፣ እሱም በሸንኮራ አገዳ ምክንያት ነው። ኮንክሪት ዝም ብሎ አይሞትም፤ ይገድሉታል። እኔ ሲገድሉት አይቻለሁ።

ስትሠራም አይቻታለሁ። ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ ቢሮው ሁሉ አዲስ ታፔላ ከሰቀለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ሌላውን መንገድ አስፋልት ሲያለብሱት ይቺን ዳገት ግን በኮንክሪት አሉ። የኛ ዝናብ እንደሌላው አገር መስከረም ጠባ ብሎ የሚያቆም አይደለም፤ ዳገት ላይ ያገኘውን ጠራርጎ ነው የሚወርደው። ዳገቷን ገበታ ገበታ አድርገው አፈሰሷት። አንዱን ያፈሳሉ፣ መስመር ይተዋሉ፣ ደግሞ ሌላውን ያፈሳሉ። መስመሩን በሬንጅ ይሞሉታል። እኛ የሰፈሩ ሴቶች ገበታ አልናቸው፣ ስሙ በዚያው ቀረ። «ማን አባሽ ነው የኔ ገበታ ላይ ቡና ያሰጣሽ?» እየተባባልን የምንጣላው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሲፈስ ሳየው ገንፎ ነው የመሰለኝ። እንደ ጭቃ ቤት በፀሐይ ይደርቃል ብዬ ስጠብቅ ፎርማኑ እርጥብ ጆንያ አለበሰው። ሽማግሌ ነበር ፎርማኑ፣ ፊቱ የተኮሳተረ። እኔንና ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ጎረቤቴን ውሃ አጠጪ አድርጎ ቀጠረን። ጎረቤቴ የጉራጌ ልጅ ናት፣ ያኔ ሱቅ አልከፈተችም፤ አሁን ባለሱቋ ነው የምንላት። ጠዋት ማታ በጄሪካን እየቀዳን ጆንያው ላይ እናፈሳለን።

«ጋሼ፣ ይበቅላል እንዴ?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ድንጋዩ ነዋ፣ እንዲህ የምናጠጣው።»

«ውሃ ከጠጣ ይጠነክራል። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። አንቺ አጠጪ ብቻ፣ አታሹፊ።»

«ሁለቱንም አንድ ላይ እችላለሁ» አልኩት።

ባለሱቋ በሳቅ ጄሪካኗን ለቀቀችው፣ ዳገቱን ተንከባሎ ወረደ። ፎርማኑ ግን ቀልድ አያውቅም። ዶሮ እንኳ አያስረግጥም። አንድ ነጋዴ በቅሎውን ይዞ ሊያልፍ ቢል በድንጋይ አባረረው። ውሃ ስናጠጣ ስናጠጣ ሰለቸን፣ እሱ ግን አልሰለቸውም። «በቃ» ያለ ቀን መኪና አለፈባት።

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ። ከላይም ከታችም ያለው አስፋልት ስንቴ ተቦዳደሰ፣ ስንቴ ተጣፈ። የኛዋ ዳገት ንቅንቅ አላለችም። ልጆቼ አደጉባት፣ ተዳሩባት። ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ባጃጅ መጣ፣ ድንጋይ የጫነ፣ ቡና የጫነ፣ እንጨት የጫነ ሁሉ ወጣባት ወረደባት። እኛም በየመስመሩ የበቀለውን ሣር እየነቀልን፣ ጠርገን ቡናችንን እያሰጣን ኖርን። ከመሬት የተሻለ ቶሎ ያደርቃል፣ አፈርም አይነካው። ሹፌሮቹም ቡና ሲያዩ ዞር ብለው ያልፋሉ። ያላለፈ እንደሆነ ምላሴን ያውቃታል።

ገዳዮቹ የመጡት ሆቴል በተሠራ ጊዜ ነው። ከዳገቷ ጫፍ ላይ ትልቅ ሆቴል ተሠራና ውሃ ይግባለት ተባለ። ይግባለት፣ ማን ጠላ? ግን ደጄ ላይ ያለችውን ገበታ በኮምፕሬሰር ከዳር እስከ ዳር ቀደዷት። ጆሮ አይሰማ፣ ዓይን አያይ፣ አቧራ ብቻ።

«ልጄ፣ ቧንቧው በሌላ በኩል አይሄድም ወይ?» አልኩት አንዱን።

«አዮ፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እንዘጋዋለን።» እዚህ አሮጊት አዮ ነው የምትባለው፣ እናት እንደማለት።

«በምን ትዘጉታላችሁ?»

«በደንብ።»

በደንብ! የቆፈሩትን አፈር መልሰው ሞሉት፣ በጫማቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት፣ ላዩን ሲሚንቶ ቀቡት፣ ሄዱ። ድመት እንኳ የራሷን ጉድ ስትቀብር ከዚያ የተሻለ ትጨነቃለች።

ክረምቱ ገባ። አፈሩ ሰመጠ። ውሃ በተቀደደው በኩል ከገበታዋ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ተሳቢ መኪና ሲረግጣት እንደ ላላ ጥርስ ወደ ታች ትልና ተመልሳ ትነሳለች። ስትወርድ ከሥሯ ያለውን አፈር በጥብጣ በመስመሩ በኩል ትተፋዋለች። የምትተፋው የት መሰላችሁ? የኔ ግድግዳ ላይ። ድው! ጭቃ። ድው! ጭቃ። በተፋች ቁጥር ሥሯ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ በሆነ ቁጥር የበለጠ ትዘላለች። አልጋዬም አብሮ ይዘላል። ብርጭቆዎቼ ከመደርደሪያ ወርደው አለቁ።

«ቤትሽ ጭፈራ ቤት ሆነልሽ» ትለኛለች ባለሱቋ።

«መግቢያ ክፈይና ነይ» እላታለሁ።

እስቅ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ድረስ። ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ሲሆን ሳቄ ቆመ። የማዕዘኑ ቋሚ ወደ አልጋዬ ዘመመ። ሌላ ክረምት እንደማይሻገር ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ቢሮ መመላለስ ጀመርኩ። አንዱ ጋ ስሄድ «መንገዱ የኛ አይደለም፣ የበላይ ነው» አለኝ። ሌላው ጋ ስሄድ «ቧንቧው የኛ ነው፣ ጉድጓዱ ግን የኛ አይደለም» አለኝ።

«እንግዲያ ጉድጓዱ የኔ ነዋ?» አልኩት። «ከሆነ ንገሩኝና ዓሣ ላርባበት።»

«አዮ፣ ማሎ፣ ነገ ይምጡ።» ማሎ ሲሉ እባክዎን ማለታቸው ነው። እባክዎን ብሎ የሚያንገላታ ሰው የትም አላየሁም፣ እዚያ ነው ያየሁት።

ነገ ስሄድ ስብሰባ ናቸው። ከነገ ወዲያ ስሄድ ስብሰባ ናቸው። የሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ አንቀላፍቼ ስነቃ፣ ከስብሰባ ወጥተው በጓሮ ሄደዋል። ስብሰባ መንገድ ላይ የሚፈስ ቢሆን ኖሮ ከመቱ እስከ ጎሬ፣ እስከ ጋምቤላም ድረስ አንድ ጉድጓድ አይገኝም ነበር። ሲሻቸው አንድ ጋሪ ቀይ አፈር ላኩ፣ ዝናቡ ጠጣው። ሬንጅ ላኩ፣ ተሳቢው በጎማው ልሶት ሄደ። እኔ እናደዳለሁ፣ ቋሚው ይዘማል።

በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ እዚያች ጉድጓድ ገብቶ በጎኑ ተኛ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ያን ጊዜ ሮጠው መጡ። የኔ ቤት ሲተኛ አይታይም፣ ሚኒባስ ሲተኛ ይታያል።

ከመጡት ውስጥ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ገበታዋ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ በመዶሻ መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ጎረቤቶቿን መታ መታ አደረገ።

«ሌሎቹ እኮ ምንም አልሆኑም» አለ፣ እየገረመው።

«ካልነኳቸው ምን ይሆናሉ?»

ሳቀ። ይሄ ሳቁ ነው ያስወደደኝ። መኪና የሚያልፍበትን ግማሽ ለይቶ፣ በኔ በኩል ያለውን ገበታ ሙሉ አስነሳው። አፈሩን አስወጥቶ ጠጠር አስሞላ፣ አስደበደበ፣ ፌሮ አስገብቶ ከጎረቤት ገበታ ጋር እንደ ስፌት አያያዘው፣ አዲስ አፈሰሰ። እርጥብ ጆንያም አለበሰው። ጆንያውን ሳይ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ጄሪካኔን አነሳሁ። ባለሱቋም ሱቋን ዘግታ መጣች። «ተው እንጂ፣ እናንተ ዕድሜያችሁ!» ቢለን «አንተ ሳትወለድ ነው የለመድነው» አልነው።

«አዮ፣ ይቺ ገና ብዙ ሳምንት መተኛት አለባት» አለኝ። «ቶሎ ከባድ መኪና ከወጣባት ትሰነጠቃለች። ከተሰነጠቀች ደግሞ እንደገና ውሃ ይገባል። ቤትዎ ደግሞ...» አልጨረሰውም። ቋሚውን አይቶታል።

በማግስቱ ነጭ መኪና መጣ። መስኮቱ ወረደ። የወጣቱ አለቃ ነው።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ጆንያ? ከነገ ወዲያ ትልቅ እንግዳ በዚህ ያልፋል። ጆንያውን አንሱ፣ ይጠረግ፣ ሁለቱም መስመር ይከፈት።»

«ጌታዬ፣ ገና ነው እኮ...» አለ ወጣቱ።

«ላዩ ደርቋል አይደል? በቃ!» መስኮቱ ወጣ።

«ለምን አልነገርከውም?» ብዬ ጮህኩበት ወጣቱ ላይ።

«ነግሬያቸዋለሁ፣ አዮ። እሳቸውም ያውቁታል። ግን እንግዳው ይበልጣል።»

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ባያውቁ ምን እላለሁ? ያላወቀ ይማራል። ያውቃሉ! እያወቁ ነው! አንድ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ጆንያ እንዳያይ ተብሎ የኔ ቤት ይፍረስ። እንግዳው ያልፋል፤ ገበታዋ ትሰነጠቃለች፤ ክረምቱ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ እንደገና «ነገ ይምጡ»። አይሆንም አልኩ።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ የዕድራችን ዳኛ ቤት ሄድኩ። ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ዕድር ነው የኛ። ዳኛው የእህል ነጋዴ ነው፣ ሲናገር ሁልጊዜ እንደሚመዝን ነው።

«ድንኳን አውጡልኝ» አልኩት።

ከወንበሩ ተነሳ። «ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«የኔን ድንኳን አውጡልኝ። እኔ ስሞት የምትተክሉትን። ስከፍልበት ነው የኖርኩት፣ ዛሬ ፈለግሁት።»

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ሰው ሳይሞት ድንኳን ሟርት ነው!»

«ክረምቱ ሲገባ ግድግዳው በተኛሁበት እላዬ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ድንኳኑን ይዘህ ትመጣለህ። እኔ ያልኩህ ትንሽ ቀደም አድርገህ ና ነው።»

ለምን ድንኳን እንደፈለግሁ ገብቶታል። በኛ አገር የለቅሶ ድንኳን መንገድ ላይ ከተተከለ ማንም አይነካውም። ሠርግ ቢሆን ጥሩምባ እያስጮኹ ይገፉሃል። ለቅሶ ከሆነ ግን ፖሊስም፣ አለቃም፣ ሰካራምም ቢሆን ዞሮ ነው የሚሄደው። ኮሚቴው ተጠራ፣ ተጨቃጨቀ። አንዱ «ደንብ ይፈርሳል» አለ፣ አንዱ «ምቀኛ ሰይጣን ይሰማል» አለ። በመጨረሻ ዳኛው መዝኖ መዝኖ እንዲህ አለኝ፦

«አንዴ ከወሰዱት ወሰዱት ነው። ሲሞቱ ሁለተኛ አይተከልልዎትም። ይስማማሉ?»

«ስሞት ዝናብ ቢመታችሁ እኔን ምን ቸገረኝ? እኔ ከሥር ነኝ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን በማለዳ የራሴን ድንኳን በቁሜ ሲዘረጉት ሳይ፣ አልዋሽም፣ የምቀመጥበት ቦታ ጠፋኝ፤ ሟች ነኝ ወይስ አልቃሽ? ባለሱቋ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ጥሩ ነው ለቅሶሽ፣ ሰው መጥቶልሻል» አለችኝ በጆሮዬ።

ኮንክሪት ላይ ካስማ አይመታምና ገመዱን በትልልቅ ድንጋይና በኔ በር ቋሚ አሰሩት፣ ባልዘመመው በኩል። አግዳሚ ገባ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ። ጆንያው ከሥር እንዳለ ነው፤ ለቀስተኛው አግዳሚ ላይ፣ እግሩ እርጥብ ጆንያ ላይ። እኛም በየመሀሉ እያለፍን እናጠጣለን።

ነጩ መኪና መጣ። መስኮቱ ወረደ። አለቃው አፉን ከፈተ። ድንኳኑን አየ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ የተቀመጥኩትን እኔን አየ። አፉን ዘጋ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ዞረ።

እንግዳው የመጣ ቀን መኪኖቹ ተከታትለው በወዲያኛው መስመር ያልፋሉ ብለን ነበር የጠበቅነው። ቆሙ። እንግዳው ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ መጥቶ ከኔ አጠገብ ቁጭ። ይሄን አላሰብንበትም! ባለጌ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር፤ አስተዳደግ ያለው ሰው ሆኖ ቸገረን። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንዷ ደንግጣ ንፍሮ ዘገነችለት። እሱም እያመሰገነ ተቀበለና ወደኔ ዘንበል ብሎ ቀስ ብሎ፦

«ኤኙቱ ዱኤ?» አለኝ። ማን ነው የሞተው ማለቱ ነው።

ልዋሽ አስቤ ነበር። አጎቴ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ከእግሩ ሥር ያለውን ጆንያ አየሁት፣ ንዴቴ ከሆዴ ተነሳ።

«የሞተ የለም» አልኩት። «እርስዎ የተቀመጡባት ናት። አንዴ እነሱ ገድለዋት ነበር። አሁን ደግሞ ለርስዎ ሲሉ ሊደግሟት ነው።»

ዳኛው «እትዬ!» አለ። ዝም አላልኩም። ቧንቧውን ነገርኩት፣ አፈሩን ነገርኩት፣ ስብሰባውን ነገርኩት፣ ዘሞ የቆመውን ቋሚ በጣቴ አሳየሁት። «ይሄ የተቀመጥንበት የኔ የቀብር ድንኳን ነው» አልኩት። «ስሞት የለኝም። ለሷ ሰጥቻታለሁ።» ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ በውሸት ለቅሶ የእውነት እንባ ወረደኝ። ሴቶቹም ተቀበሉኝ። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ።

እንግዳው ጫማውን አየ። ርሷል። «ይሄ ሁሉ ውሃስ?» አለ።

«እሱ እንኳ የጄሪካን ነው» አልኩት፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

የተዘገነለትን ንፍሮ ጨረሰ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ተነሳ፣ «ጠንክሩ» አለን፣ ወጣ። ድንኳኑ በር ላይ ላብ ላጠመቀው አለቃ «በወዲያኛው እናልፋለን» አለው፣ አለፉ። መኪና ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ብዙ ሰው «አለቃውን ልክ አገባው» ይላል፤ እኔ ያላየሁትን አላወራም። አለቃውማ እስካሁን ወንበሩ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መስኮቱን አውርዶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «አዮ፣ ሀዘኑ መቼ ይወጣል?» አለኝ።

«ሟቿ ስትጠነክር።»

ወጣቱ መሐንዲስ «በቃ» እስኪል ድንኳኑ ቆየ። ጆንያው ሲነሳ የመጀመሪያው ተሳቢ ሊያልፍ ሁላችንም ደጅ ቆመን ጠበቅን። ወጣባት። ዝም። ባለሱቋ እልል አለች። ግድግዳዬን መረግሁ፣ ቋሚውን ልጆቼ መጥተው አቀኑት። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፣ ቤቴ ቆሟል። ወጣቱን ግን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት፣ ይሄም ያንገበግበኛል።

ዕድርተኛው እስካሁን ይቀልድብኛል። ዝናብ ሲዘንብ «እትዬ፣ ዛሬ እንዳይሞቱብን» ይሉኛል። «ሲያባራ እሞታለሁ» እላቸዋለሁ።

ሰሞኑን ጠዋት በሬን ስከፍት አንድ ሰውዬ ቀለም ይዞ ጎንበስ ብሏል። ገበታዬ ላይ ቀይ መስመር አስምሯል፣ ከዳር እስከ ዳር።

«ምንድነው?» አልኩት።

«የስልክ ገመድ ሊቀበር ነው፣ አዮ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

የአንድ ቀን ሥራ! ደሜ ከእግሬ እስከ ራሴ ፈላ። ምን ልበል? ድንኳኔን በልቻለሁ። ዱላዬን ይዤ መስመሩ ላይ ቆምኩ። ሰውየውም አልፈራኝም፣ ቀለሙን ማማሰል ቀጠለ።

ባለሱቋ ከማዶ ሱቋን እንደተከፈተ ትታ መጣች። ወገቧን ይዛ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እሷ እንኳ የሷን ጨርሳለች» አለችው። «እኔ ግን የኔን ድንኳን ገና አልነካሁትም።»

ሰውየው ቀና አለ። የድንኳኑን ወሬ ሳይሰማ አልቀረም፤ ቀለሙን አስቀመጠ። ከላይ እስከ ታች በየደጁ የቆሙትን የዕድራችንን አሮጊቶች አንድ በአንድ አያቸው።